ቡችላ ከመግዛታችን በፊት

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ይህን ታማኝ እንስሳ ስንገዛ ግን ከዋጋው በቀር የምንጠይቀው ነገር የለም። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፈው የሚሸጡ ልጆችን ያላየ ማን ነው? በእኔ አስተያየት ገዢ ሁሉ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል።

አንደኛ፣ እናቱ የት ናት? የእናቲቱ ጤንነትና ጠባይ የልጇን ያስረዳልና። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ነጋዴ ከሌላ አምጥቶ ስድስት ወር ያልሞላውን ቡችላ እንዳይሸጥ በሕግ ተከልክሏል።

ሁለተኛ፣ ዕድሜው ስንት ነው? ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ የተለየ ቡችላ በቀላሉ ይታመማል፤ ጠባዩም ይበላሻል።

ሦስተኛ፣ ተከትቧልን? የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ የሚሰጠው በሦስት ወሩ ግድም ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ማስከተቡ የገዢው ፈንታ ነው። በሽታው በሰው ላይ ምልክቱን ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከቡችላው ጋር የሚጫወቱት ደግሞ ታናናሾቻችን ናቸው።

«ለሻጮቹ እንጀራቸው ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ገዢ ከጠየቀ ሻጭ ይጠነቀቃል። ጥያቄውን የሚሸሽ ሻጭ ቢገጥመን፣ ቡችላው ምንም ቢያምር ትተነው እንሂድ። ቤት እንዲጠብቅ የመጣ ውሻ በቤቱ ላይ ሞት ይዞ መግባት የለበትም።