ማክሰኝት በአንድ ወንበር ትጀምር

የዊልቼር ቴኒስ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚካሄድ የሜዳ ቴኒስ ሲሆን፣ ሜዳው፣ መረቡ፣ ራኬቱና ኳሱ ቆሞ ለሚጫወተውም ሆነ ተቀምጦ ለሚጫወተው አንድ ነው። ዋናው ልዩነት ኳሷ በምትነጥርበት ብዛት ላይ ነው፤ ቆሞ የሚጫወት ሰው ኳሷ ሁለተኛ ሳትነጥር መምታት ሲኖርበት፣ በወንበር ላይ ያለው ግን ሁለት ጊዜ እስክትነጥር መጠበቅ ይችላል፤ ሁለተኛው ንጥረት ከመስመር ውጭ ቢያርፍም ነጥብ አያሳጣውም።

ይህች ትንሽ የምትመስል ደንብ ለማክሰኝት ዓይነት ከተማ ያላት ትርጉም ትልቅ ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በኢትዮጵያ እንዲስፋፋ ድጋፍ ያደረገለት የዊልቼር ቅርጫት ኳስ ለአንድ ግጥሚያ አሥር ተጫዋችና አሥር ወንበር ይፈልጋል፤ ቴኒስ ግን አንዱ በወንበር ሌላው በእግሩ ሆነው ሊገጥሙበት ስለሚችሉ በአንድ ወንበር ይጀመራል። ይህ ጥሪ ለማክሰኝትና ለጎንደር ዙሪያ ነዋሪዎች የቀረበውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚጠይቀው አንድ ወንበር፣ አንድ ደልዳላ ሜዳና ከቤት የሚወጡ ወጣቶችን ነው።

ስፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካዊው ብራድ ፓርክስ ተጀምሮ፣ በ1988 ሴኡል ላይ ለትዕይንት ቀርቦ፣ በ1992 ባርሴሎና ላይ የፓራሊምፒክ ሜዳልያ የሚሰጥበት ውድድር ሆኗል። ዛሬ ከዊምብልደን ጀምሮ በአራቱም ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች ይካሄዳል። አፍሪካም ባዕድ አይደለችም፤ ደቡብ አፍሪካዊው ሉካስ ሲቶሌ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ኦፕንን፣ የአገሩ ልጅ ክጎታትሶ ሞንጃኔም በ2023 ከጃፓናዊቷ ዩዪ ካሚጂ ጋር ተጣምራ የፈረንሳይ ኦፕንን አሸንፈዋል።

የኢትዮጵያ ታሪክ በዚህ ረገድ ጅማሬው ጥሩ ሆኖ መካከሉ የተቋረጠ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በመኪና አደጋ እግሮቹ ከተሳኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች ላይ በወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳድሯል። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ያገኘቻቸው የፓራሊምፒክ ሜዳልያዎች ግን፣ በቶኪዮና በፓሪስ ወርቅ ያጠለቀችውን ትዕግስት ገዛኸኝን ጨምሮ፣ ሁሉም በእግራቸው የሚሮጡ አትሌቶች ያመጧቸው ናቸው። በሩጫ የሚኮራ አገር ወንበሩን መርሳቱ ምናልባት አያስገርም ይሆናል፤ ተገቢ ግን አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 30 ስፖርትን ከመብት ቆጥሮታል።

የመጀመሪያው ተግባር የቤተሰብ ነው። ብዙዎች እንደሚገምቱት ለዚህ ስፖርት የሚበቃው ዘወትር በዊልቼር የሚሄድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በፖሊዮ እግሩ የሰለለ፣ በተቀበረ ፈንጂ፣ በመኪና አደጋ ወይም ባለፉት ዓመታት ጦርነቶች እግሩን ያጣ፣ በክራንችም ሆነ በሰው ሠራሽ እግር የሚራመድ ሁሉ፣ ጉዳቱ ዘላቂ እስከሆነ ድረስ፣ ሊወዳደርበት ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያላቸው ሁሉ እስከ ጳጉሜን ድረስ በየቀበሌያቸው ስሙን ያስመዝግቡ፤ ቀበሌዎችም ዝርዝሩን ለወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ያድርሱ።

ሁለተኛው ተግባር ወንበሩ ነው። የቴኒስ ወንበር ከሆስፒታል ወንበር በአሠራሩ ይለያል። ትልልቆቹ ጎማዎች ከላይ ወደ ውስጥ፣ ከታች ወደ ውጭ ያዘነበሉ በመሆናቸው ወንበሩ በፍጥነት ሲዞር አይገለበጥም፤ ከኋላ ያለችው ትንሽ ጎማ ተጫዋቹ ለምት ወደ ኋላ ሲለጠጥ ትደግፈዋለች፤ ቀበቶውም ወገቡን ከመቀመጫው ጋር ያስረዋል። ተጫዋቹ ራኬቱን ሳይለቅ በዚያው እጁ የጎማውን መግፊያ ቀለበት ስለሚገፋ፣ መዳፉ እጀታውንና ቀለበቱን አንድ ላይ መጨበጥ አለበት፤ ጀማሪ ኳስ ከመምታቱ በፊት ራኬት ይዞ መንዳት የሚማረው ለዚህ ነው። የማክሰኝትና የጎንደር በያጆች ለውድድር የሚሆነውን ባይሆንም ለልምምድ የሚበቃውን ወንበር ሊሠሩ ይችላሉ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ የፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና፣ መምህራንና ተማሪዎች ደግሞ የተጫዋቹን ልክ ወስደው ለበያጁ ይስጡ።

ሜዳውን በሚመለከት የአካባቢው ዋልካ አፈር በክረምት ጎማ ይውጣል፣ በበጋም ይሰነጠቃልና በሣር ወይም በአፈር ሜዳ ላይ መጀመር ትርፉ ድካም ነው። ርዝመቱ 23.77 ሜትር፣ ለነጠላ ጨዋታ ስፋቱ 8.23 ሜትር የሆነ መስመር፣ ዙሪያውም ለመዞሪያ የሚሆን ትርፍ ቦታ የሚያስቀር የኮንክሪት ወለል ያለው ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩን ይክፈት፤ ደፍ ካለውም መወጣጫ ይሥራለት።

በውጭ የሚኖሩ የጎንደር ተወላጆች ደግሞ ያገለገለ የስፖርት ወንበር ገዝተው ከመላካቸው በፊት ከተመዘገቡት ወጣቶች የአንዱን የዳሌ ስፋትና የእግር ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይጠይቁ፤ ሰፊ ወንበር ተጫዋቹን ስለሚያንሸራትተው የተላከው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ይቀራል። ከወንበሩ ጋር ትርፍ የጎማ ከመነዳሪና ፓምፕ ይጨመርበት።