ከሁለት ያጣ ጎመን

«ከሁለት ያጣ ጎመን» ይላል ያገራችን ሰው፤ ከዚህም ከዚያም ሳይሆን የቀረውን ሲታዘብ። ተረቱ በሰው ላይ ሲፈጸም ማየት የሚሻ ግን በጣና ዙሪያ የኖሩትን የወይጦዎችን ታሪክ ይጠይቅ። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት፣ የሐይቁን ጠባይ ጠንቅቀው የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች «ሙስሊሞች ነን» ቢሉ፣ ሙስሊሙ «ጉማሬ ትበላላችሁ» ብሎ ከማዕዱ አራቃቸው፤ ክርስቲያኑም ተጸየፋቸው። ጉማሬ መብላቱ ቀረ፤ ንቀቱ ግን አልቀረም።

ወይጦዎችን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይኸው ከሁለት የማጣት ዕጣ የደረሳቸው፣ ስማቸው በሹክሹክታ ብቻ የሚነሣ ሌሎች ወገኖችም አሉን፤ ወንድንም ሴትንም ማፍቀር የሚችሉት፣ በፈረንጅ ቃል ባይሴክሹዋል የሚባሉት።

«እንዲህ ያለ ሰው እኛ ዘንድ የለም፤ ከፈረንጅ የመጣ ነው» ይባላል። ቃሉስ የፈረንጅ ነው፤ ሰውዬው ግን የኛው ነው። ለመሆኑ የሌለ ነገር በሕግ ይከለከላል? የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ከልክሎ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣውም በአንቀጽ 629 ያስቀጣል። ታዲያ ለማን ተጻፈ? ደግሞስ መጤ ሁሉ ይጣል ከተባለ የፎገራ ገበሬ ምን ሊዘራ ነው? ሩዝ ወደ ሜዳው የዘለቀው በ1970ዎቹ ዓ.ም. አይደለም እንዴ? ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኗል፤ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች።

ሁለተኛው ክስ «አንዱን ያልመረጠ ወላዋይ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚለው ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ ተመሳሳይ ፆታን ብቻ ከሚያፈቅሩትም መካከል «ፈርተህ ነው፤ ተደብቀህ ነው» የሚሉት አይጠፉም። አሜሪካዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ኪንሲ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት የሰውን ዝንባሌ ከዜሮ እስከ ስድስት በሚደርስ መለኪያ ያስቀመጠው በሁለቱ ጫፎች መካከል ብዙ ሰው ስላገኘ ነበር። ሁለቱንም ማፍቀር መቻል ሁለት ሰው መያዝ አይደለም። ጠይምም ቀይም የምትማርከው ወንድ አንዷን አግብቶ በታማኝነት ይኖር የለም እንዴ?

እስኪ አንድ የወረታ ልጅ በዓይነ ኅሊናችን እንይ። አግብቷል፤ ወልዷል፤ ሚስቱንም ይወዳል። ከማግባቱ በፊት አንድ ወንድ አፍቅሮ እንደነበር ለባልንጀራው ተነፈሰ እንበል። በማግሥቱ ወሬው ገበያ ይደርሳል። ሩዙን የሚያጭድለት ደቦ ይጠፋል፤ ልጆቹ የሰፈር መጠቋቆሚያ ይሆናሉ፤ እናቱ የሞቱ ዕለት እድሩ ድንኳን ይነፍገዋል። ምን ሠራ? ምንም! ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ሰፈሩ ግን ልብን ይቀጣል።

«ኃጢአት ነው» የሚል እምነቱን ይጠብቅ፤ መብቱ ነው። ግን ለሰካራሙ፣ ለአመንዝራው፣ በሐሰት ለሚመሰክረው ሁሉ ድንኳን የሚተክል እድር፣ እዚህ ሰው ደጃፍ ሲደርስ ብቻ መናኝ የሚሆነው ለምንድን ነው? በሚስቱ ላይ የወሰለተውን ሽማግሌ ተቀምጦ ያስታርቀዋል። ያልወሰለተውን ለማባረር የምንቸኩለው በየትኛው ሚዛን መዝነን ነው?

በዝምታ የሚጎዳውም እሱ ብቻ አይደለም። ባሏን ሙሉውን ሳታውቀው የምትኖረው ሚስትም የዚሁ ፍርሃት ሰለባ ናት። እውነት የተናገረን እያባረርን «ለምን ዋሸኸን?» ማለት አንችልም።

አጨብጭቡ፣ ደግሱ አላልኩም። የምለው ቢያንስ ከማዕድ አታስነሡ፣ ከደቦ አታጉድሉ፣ ለቅሶ አትንፈጉ ነው። ወይጦዎችን «እነሱ» ብለን ማራቁ ቀሎን ነበር። አሁን ግን ከማዕድ የምናስነሣው በገዛ እጃችን አጉርሰን ያሳደግነውን ልጃችንን ነው።