ፊርማችሁን ለዝምተኛ መሣሪያ አትስጡ

እኩዮቼ፣ በአሰላና በአርሲ ደጋ ቱምቢ ይዛችሁ ያረጃችሁ መሃንዲሶች፣ ፎርማኖችና ተቆጣጣሪዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወጣቶቹ የራሳቸው መምህር አላቸው። ሕንፃ ደህና ነው ተብሎ ሲጻፍ ግን ፊርማው የሚፈለገው ዛሬም ከእኛ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ ምድር ለወራት ስትናወጥ ከርማ፣ የካቲት 7 ቀን መጠኑ 6.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሣ። የእኛም ወገን ከዚህ ዕጣ ነፃ ሆኖ አያውቅም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሳይቀር ያናወጠ ነበር። ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመው የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው መዝግበውታል። ላንጋኖ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም፤ ከተራሮቻችን ቁልቁል ያለ ሐይቅ ነው። ከተማችን ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከተው የ1995 (እ.ኤ.አ.) የሕንፃ ኮድ ሳይወጣ የቆሙ ስንት አርማታዎች እንዳሉ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቹን ያቆምናቸው እኛው ነን።

ታዲያ ከ2017ቱ መንቀጥቀጥ ወዲህ «ሴንሰር እንለጥፍበትና እንረፍ» የሚል ወሬ በዛ። በተለይ የሚወደሰው የካርቦን ናኖቱዩብ ውህድ ነው። ነገሩ ቧልት አይደለም፤ እኔም አላጣጥለውም። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ካደረጓቸው ወዲህ የዓለምን ቀልብ የሳቡት እነዚህ ቱቦዎች ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠኑ ናቸው። በኢፖክሲ ወይም በስሚንቶ ውስጥ በደንብ ከተበተኑ፣ ከክብደቱ 1 በመቶ የማይሞላ መጠን እንኳ ቁሱን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሊያደርገው ይችላል። ቱቦዎቹ የግድ መነካካት የለባቸውም፤ በመሃላቸው ጥቂት ናኖሜትር ክፍተት ቢኖር ኤሌክትሪኩ ይሻገራል። ቁሱ ሲሳብ ክፍተቱ ይሰፋና ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ሲጨመቅ ይቀንሳል። ስንጥቅ መንገዱን ከበጠሰው ደግሞ ጭነቱ ቢነሣም ንባቡ ወደ ነበረበት አይመለስም። በአሜሪካ ዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ቶስተንሰንና ትሱ ዌይ ቹ እ.ኤ.አ. በ2006 በመስታወት ጭረት (ፋይበርግላስ) ውህድ ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ዓይን የማያየውን ጥቃቅን ስንጥቅ የቱቦዎቹ መረብ አሰማ።

የምፈራው መሣሪያው የሚናገርበትን ጊዜ አይደለም። ዝም ሲል የምንፈርመውን ፊርማ ነው የምፈራው።

መረቡ የሚያውቀው የተለጠፈበትን ቦታ ብቻ ነው። ቢሙ ላይ ለጥፋችሁት ኮለኑ ከሥሩ ቢሰነጠቅ ምንም አይላችሁም። ከሁሉ የከፋው ግን መነሻ ንባብ አለመኖሩ ነው። የመጀመሪያው መለኪያ የተወሰደው ሕንፃው ከተናወጠ በኋላ ከሆነ፣ ያኔ የነበረው ጉዳት ሁሉ «ጤና» ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ቀጥ ብሎ ቢሄድ የሚነግረን ጉዳቱ አለመጨመሩን እንጂ አለመኖሩን አይደለም።

የአየሩንም ነገር አስቡት። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይቆረጥማል፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ግድግዳውን ታግላለች፣ ክረምት ሲገባ ልስኑ ውኃ ይጠጣል። ሙቀትም እርጥበትም ንባቡን ያዛባሉ፤ በስሚንቶ ውህድ ላይ እርጥበቱ የሚያመጣው ለውጥ አንዳንዴ ከጭነቱ ለውጥ ይበልጣል። ሽቦው ከቁሱ ጋር የተገናኘበት ቦታ ሲያረጅም ንባቡ ይዛነፋል። በየዝናቡ የሚጮህ መሣሪያ መጨረሻው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ጥበቃው ይነቅለዋል፣ ወይም የቢሮው ሰው ድምፁን ይዘጋዋል። ዝም ይላል። እኛም እንፈርማለን።

ኢተያ አካባቢ ስላሉት የነፋስ ተርባይኖችም የሚጠይቀኝ አለ። የአሰላ ነፋስ ኃይል ማመንጫ 29 ተርባይኖችና 100 ሜጋዋት የተያዘለት ሥራ ነው። እንዲህ ያሉ ክንፎች በአብዛኛው ከመስታወት ጭረትና ከሬዚን ስለሚሠሩ፣ ቴክኖሎጂው ከአሮጌ አርማታ ይልቅ ለእነሱ ይስማማል፤ የክንፍ ንብርብር ከውስጥ ሲላቀቅ ከመሬት ሆኖ የሚያየው የለምና። ግን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር በክንፍ ላይ መጨመር የመብረቅ መከላከያውን ሥራ ያወሳስባል። በአርሲ ደጋ መብረቅ እንግዳ አይደለም። ይህን ያላሰላ ንድፍ ይዞ የሚመጣ ካለ መልሱት።

አትሞክሩት አልልም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን መነሻው ንባብ መቼ፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት፣ በምን እርጥበት እንደተወሰደ በጽሑፍ ይቅረብላችሁ። ጭነት የማይነካው ማነጻጸሪያ ቁራጭ እዚያው አጠገብ ይቀመጥ። ንባቡ ከወሰን ሲያልፍ ሕንፃውን ማን እንደሚዘጋ በስም ይታወቅ። ድሮ ስንጥቅ ላይ ጀሶ ለጥፈን ቀኑን እንጽፍበት የነበረውንም አትተዉ። ርካሽ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ሲሰነጠቅ ለማንበብም ባለሙያ አይጠይቅም። በዚያ ላይ ሶሌታውን ከሥር ገብቶ የሚያይ፣ ፌሮው የዛገበትን ቦታ የሚያንኳኳ ሰው በደመወዝ ይኑር።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ውህዱን ስለሚያዘጋጁት ልጆች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ከካርቦን ናኖቱዩቦች አንዱን ዓይነት ካንሰር ሊያመጡ ከሚችሉ ነገሮች መድቦታል፤ ስለ ሌሎቹ ዓይነቶች ለመፍረድ በቂ ማስረጃ አላገኘም። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ማይክሮግራም ነው፤ ዓይን አያየውም፣ አፍንጫም አያሸተውም። ደረቁን ዱቄት በክፍት ወርክሾፕ እንዲመዝኑ፣ የደረቀውን ውህድ ያለ ውኃና ያለ ተገቢ ጭምብል እንዲሞርዱ አትፍቀዱ። የጨርቅ ማስክ አይበቃም። አየር የሚስብ የተዘጋ ሳጥን ከሌለ ሥራው ይቁም፤ ያቆማችሁትም እናንተ መሆናችሁ በቃለ ጉባኤ ይስፈር።