ሸመታ ወጥቶ ቅምሻ ሲገባ

ገበያን ገበያ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ጣሪያው አይደለም፤ የሰው ብዛትም ብቻውን አይደለም። ገበያ ማለት አንዲት እናት ባዶ ዘንቢል ይዛ ገብታ የቤተሰቧን ራት ይዛ የምትወጣበት ቦታ ነው። የገባው ሰው ጠግቦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ኪሱን አራግፎ፣ ዘንቢሉን ግን ባዶውን ይዞ ከወጣ ለዚያ ቦታ ሌላ ስም ይፈለግለት።

በዓለም ትላልቅ ከተሞች መሀል ዛሬ «ታደሰ»፣ «ነፍስ ዘራ» እየተባለ ሪባን የሚቆረጥለት አሮጌ የገበያ አዳራሽ በአብዛኛው ይህ ሌላ ስም የሚያስፈልገው ቦታ ነው። በማድሪድ እ.ኤ.አ. በ1916 የተሠራው የሳን ሚጌል ገበያ በ2009 ቆሞ የሚቀመስበትና የሚጠጣበት አዳራሽ ሆኖ ተከፈተ። በሊዝበን የሪቤራ ገበያ አንዱ ጎን በ2014 «ታይም አውት» የተባለው መጽሔት ለመረጣቸው ምግብ ቤቶች ተሰጠ። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ዩኒየን ማርኬት በ2012 በአዲስ መልክ በሩን ከፈተ። የዋሽንግተኑን ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ እዚያ የሆነውም ለአዲስ አበባ የሚነግረው ነገር አለ።

ወደ አዳራሹ የገባ ሰው በግራና በቀኝ ትናንሽ መሸጫዎች ይጠብቁታል። ከተከፈተ ጀምሮ በአዳራሹ ከታዩት መሸጫዎች በአንዱ ኦይስተር የተባለው የባሕር ፍጥረት ቅርፊቱ በቢላ ተፈልቅቆ ጥሬውን ይበላል። በሌላው በኮሪያ ቅመም የተሠራ ሥጋ በሜክሲኮ ቂጣ ተጠቅልሎ ይሰጣል። ቀጥሎ የቬኔዙዌላ የበቆሎ ቂጣ አለ፤ ከዚያ እንደ ሳምቡሳ ተሞልቶ የተዘጋው ኢምፓናዳ፤ ከዚያ ቡና። ስሙን ከ«ጉርሻ» የወሰደ፣ የኢትዮጵያን ወጥ በጎድጓዳ ሳህን እያደረገ የሚያቀርብ መሸጫም በዚያው አዳራሽ ተከፍቶ ነበር። ምግቡ መጥፎ ነው የሚል ካለ ዋሽቷል። ንጹሕ ነው፣ ይጣፍጣል፣ አብሳዮቹም ሙያቸውን ያውቃሉ። ክርክሩ ስለ ጣዕም አይደለም። አዳራሹ ትናንት ለማን ይሠራ ነበር፣ ዛሬስ ለማን ይሠራል የሚለው ነው።

ቅምሻ ለኢትዮጵያዊ ገበያተኛ አዲስ ነገር አይደለም። ማር ሻጭ በስንጥር ጫፍ ታስቀምሳለች። ቅቤ ገዢ በጣቷ ነክታ ታሸታለች። በርበሬ በምላስ ጫፍ፣ ጤፍ በመዳፍ ይፈተናል። ከቆሎው ጥቂት ዘግኖ መቅመስ ያለ ነው፤ ከተሰፈረ በኋላም ምርቃት ይጠየቃል። ይህ ሁሉ በነፃ ነው። ምክንያቱም ቅምሻው ገዢው እንዳይታለል መፈተኛ፣ ወደ ሸመታው መግቢያ በር ነው። በታደሰው አዳራሽ ግን በሩ ራሱ ሸቀጥ ሆኗል። ከዚህ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ መቅመስ፣ ለእያንዳንዱ ቅምሻ መክፈል፣ ለነገ የሚሆን ምንም ሳይዙ ወደ ቤት መመለስ። ሸማች የሚለው ቃል ከሸመታ የመጣ ነው፤ በዚህ አዳራሽ ግን ሸማች የለም፣ ጎብኚ እንጂ።

የዩኒየን ማርኬት ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በዋሽንግተን መሀል፣ በፔንሲልቫኒያ ጎዳና ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1872 ጀምሮ ሴንተር ማርኬት የሚባል ትልቅ የከተማ ገበያ ነበር። በ1931 ፈረሰ። ዛሬ በቦታው የቆመው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የከተማዋ ክፍል፣ በፍሎሪዳ ጎዳና አጠገብ ወደተሠራው አዲስ የጅምላ ገበያ ተሻገሩ። ዛሬ የቅምሻ አዳራሽ የሆነው ሕንፃ እዚያው ሰፈር በ1967 ተጨመረ። አካባቢው ለአሥርት ዓመታት ሥጋ፣ ዓሣና አትክልት በጅምላ የሚሸጥበት ነበር። የሰፈር ሱቅ ባለቤቶችና የትናንሽ ምግብ ቤቶች ሰዎች ከዚያ ይጭኑ ነበር። ከጅምላ ነጋዴዎቹ መካከል ከውጭ አገር የመጡ ስደተኞች ብዙ ነበሩ። ሕንፃዎቹ አርጅተው ነበር፤ አካባቢው ግን ይሠራ ነበር።

በ2012 አዳራሹን አድሶ የከፈተው ምግብ ነጋዴ አልነበረም፤ የንግድ ቦታዎችን የሚያለማና የሚያከራይ የሪል እስቴት ኩባንያ ነው። ነገሩን ለመረዳት ከዚህ የሚበልጥ ቁልፍ የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ባለቤት አዳራሹ ከራሱ ኪራይ የሚያገኘው ገቢ ብቻ አይደለም ጥቅሙ። የአዳራሹ ዝና በዙሪያው ያለውን መሬት ዋጋ ያነሳል። ሰው ለኦይስተሩና ለቡናው ይመጣል፣ ሰፈሩን ይወዳል፣ ጋዜጣ ይጽፍለታል። ከዚያ መጋዘኑ ፈርሶ አፓርታማ ይነሳል። ዛሬ የዩኒየን ማርኬትን ዙሪያ ያየ ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ጅምላ ነጋዴው ሽንኩርት ያወርድበት በነበረው ሰፈር ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያዎች ተደርድረዋል። አዳራሹ ማጥመጃ ነው፤ ዓሣው መሬቱ ነው።

ሽንኩርት ሻጩን ማንም በዱላ አላባረረውም። ሲያባርሩት አይታይም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት የሸጠ ሰው ትርፉ ጥቂት ነው፤ የሚኖረው ብዙ ኪሎ በመሸጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ሰፊ ቦታ፣ መጋዘንና የጭነት መኪና ማቆሚያ ይፈልጋል። ያንኑ ሽንኩርት ጠብሶ፣ ሥጋ ጨምሮ በወረቀት ሳህን የሚሸጠው ሰው ከአንዲት ጠባብ ካሬ የሚያገኘው ገቢ እጥፍ ድርብ ነው። የካሬው ኪራይ በሁለተኛው አቅም ከተተመነ የመጀመሪያው በራሱ ጊዜ ይወጣል። ደብዳቤ አይደርሰውም፣ ፖሊስ አይመጣበትም፤ ውሉ ሲያልቅ አይታደስም፣ ወይም ታድሶ አይቻልም። ከዚያ በኋላ «ገበያው ራሱ ወሰነ» ይባላል። የወሰነው ግን ኪራይ ተማኙ ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን በገዛ ኑሯቸው ያውቁታል። በ1980ዎቹ የዋሽንግተን ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች መናኸሪያ አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ነበር። ኪራዩ ሲንር ብዙዎቹ ያኔ ማንም ወደማይፈልገው ወደ ዩ ጎዳናና ወደ 9ኛው ጎዳና ሄዱ። ባዶ ሱቆችን ከፈቱ፣ መብራት አበሩ፣ ሌሊቱን ሰው የሚመላለስበት አደረጉት። ሰፈሩ ሲያምር ኪራዩ እንደገና ተከተላቸው። ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጡ። ሰፈር ያቀኑ ሰዎች በአቀኑት ሰፈር መኖር አቃታቸው። ከነሱ በፊት እዚያ የኖሩት ጥቁር አሜሪካውያንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 ከዋሽንግተን ነዋሪ 71 በመቶው ጥቁር ነበር፤ ከ2011 ወዲህ ከግማሽ በታች ሆኗል። በአዳራሹ ውስጥ የኢትዮጵያ ወጥ መቅረቡ ደስ ይላል። ነገር ግን እንጀራ በከረጢት የሚሸጥበት ትንሹ ሱቅና የሱቁ ደንበኛ ከከተማው ሲወጡ ወጡ ብቻውን መሀል ከተማ መቅረቱ የባህል ድል ተብሎ ሊጨበጨብለት አይገባም። ጉርሻ በእጅ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነበር። ጎራሹም አጉራሹም ከሄዱ በኋላ የሚቀረው ስሙ ነው።

የአዳራሾቹ ደጋፊዎች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ባዶ አይደለም። አሮጌዎቹ ገበያዎች እየሞቱ ነበር ይላሉ፤ ሱፐርማርኬት ገድሏቸው ነበር፤ ቆሻሻ ነበሩ፤ ሙሉ ምግብ ቤት ለመክፈት አቅም የሌለው ወጣት አብሳይ በጠባብ መሸጫ መጀመር ቻለ። ይህ እውነት ነው። ከትንሽ መሸጫ ተነስተው ያደጉ አሉ። ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚከተለው «ስለዚህ ጥሬ ዕቃ ሻጭ ይውጣ» የሚል ድምዳሜ አይደለም። ጭቃ መጥፎ ነው፤ መፍትሔው የፍሳሽ ቦይ ነው። አይጥ መጥፎ ነው፤ መፍትሔው ደህና መጋዘን ነው። ቲማቲም መበስበሱ መጥፎ ነው፤ መፍትሔው ማቀዝቀዣ ነው። እድሳት የሚባለው ይህ ነው። ሰውን ቀይሮ ጣሪያውን ማቆየት እድሳት አይደለም፤ ርስት መንቀል ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለም ይታወቃል። ባርሴሎና ወደ 40 የሚጠጉ የከተማ ገበያዎች አሏት፤ የሚያስተዳድራቸውም የከተማው አስተዳደር የራሱ ተቋም ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በየተራ ሲታደሱ ቆይተዋል። በ2005 ታድሶ የተከፈተው የሳንታ ካተሪና ገበያ በባለ ቀለም ጣሪያው በዓለም የታወቀ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ግን ዓሣ፣ ሥጋና አትክልት ለሰፈሩ ሰው ይሸጣል። በዚያው ከተማ የቦኬሪያ ገበያ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ቱሪስት ስለበዛበት ብዙ መሸጫዎች ወደ ጭማቂ በኩባያና ወደ ካም በወረቀት ጥቅልል ዞሩ፤ የሰፈሩ ገዢ መተላለፊያ አጣ። በ2015 ከተማው በዓርብና በቅዳሜ የገበያ ሰዓት ከ15 ሰው በላይ የሆነ የጎብኚ ቡድን እንዳይገባ ከለከለ። ችግሩ አልተነቀለም፤ ግን አንድ ነገር ልብ ይባል። መከልከል የቻለው የገበያው ባለቤት ከተማው ስለሆነ ነው። ቁልፉ በሌላ እጅ ቢሆን ኖሮ ልመና ብቻ ነበር የሚቀረው።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ሩቅ ወሬ አይደለም። የከተማዋ ገበያ መሀል ከተማውን ለቆ እንዲወጣ ሲደረግ የመጀመሪያው አይደለም። በምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ፊት ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ፒያሳን ለአውሮፓውያን ለይቶ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። ሆኖም አትክልት ተራ ከፒያሳ ግርጌ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ክረምት ሲገባ ጭቃው የሚታወቅ ነበር፤ ግን ጉሊት የምትቸረችር ሴት ሌሊት ወርዳ ጭና ንጋት ላይ ሰፈሯ ትደርስ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም. ለጥምቀት ጃንሜዳ ሲለቀቅ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ። ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና ማረፊያ ተሠርቷል። ለግብርና ምርት የተገነቡት ትላልቅ የመሸጫ ማዕከላት ግን ከመሀል ከተማ ርቀው ነው ያሉት።

የንድፉን አቅጣጫ ለማየት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሽንኩርት ወደ ዳር፣ ማኪያቶ ወደ መሀል። መሀል ከተማ ላይ ከዚህ በኋላ የሚነሳው «ዘመናዊ ገበያ» በርገር፣ ጭማቂ፣ «የባህል ምግብ» በትንንሽ ሳህን የሚቀመስበት አዳራሽ እንዳይሆን የሚከለክል ምን አለ? እንዲህ ያለ አዳራሽ መኖሩ ኃጢአት አይደለም። ወጣቱ መዝናኛ ይፈልጋል፣ አብሳዩም ሥራ ይፈልጋል። ኃጢአቱ በገበያ ስም የገበያን ቦታ ወስዶ፣ ጉሊት ቸርቻሪዋን በሁለት ታክሲ ርቀት ላይ ጥሎ «ከተማዋ ተዋበች» ማለት ነው። የሁለቱ ታክሲ ዋጋ በሽንኩርቱ ላይ ይጨመራል፤ የሚከፍለውም በቀን ገቢው ሽሮ የሚገዛ ቤተሰብ ነው።

መጥኖ መደቆስ ደግሞ አስቀድሞ ነው። ስለዚህ በከተማ መሀል የሚሠራ ማንኛውም የገበያ ሕንፃ ግንባታው ሳይጀመር አራት ነገር በጽሑፍ ይቀመጥለት። ከወለሉ አብዛኛው ላልተበሰለ ምግብ ይከለል፤ ለዚያ ክፍል የሚከፈለው ኪራይ በሽንኩርት ሻጭ አቅም ይተመን እንጂ በካፌ አቅም አይሁን። የሕንፃው ባለቤትነት በከተማው እጅ ይቆይ። ቀድሞ በቦታው ይነግዱ የነበሩ ሰዎች ስም ዝርዝር ተይዞ የመመለስ ቅድሚያ ይሰጣቸው። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከመሬት ወለሉ ላይ፣ በበሩ አጠገብ ቦታ ያግኙ፤ ምድር ቤት አይደበቁ። ቀሪው ወለል ለቅምሻው፣ ለቡናው፣ ለሙዚቃው ይሁን፤ ማንም አይቃወምም።

ይህን ለማስጻፍ የምክር ቤት አባላት፣ የክፍለ ከተማ ኃላፊዎችና ጋዜጠኞች የሚያቀርቡት ጥያቄ አጭር ነው። ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት ስለ ጣሪያው ውበትና ስለ ሼፎቹ ስም መጠየቁ ይቅርና እነዚህ ሁለት ነገሮች ይጠየቁ፦ የአንዱ ካሬ ሜትር ወርኃዊ ኪራይ ስንት ነው? ሽንኩርት ሸጦ ይህን ኪራይ መክፈል የሚችል ነጋዴ አለ ወይ? ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ «የለም» ከሆነ የሚመረቀው ገበያ አይደለም። ያኔ በሩ ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ እንኳ እውነቱን ይናገር።