ኮፒ የተደረገ ጽሑፍም መጠባበቂያ ያሻዋል

በሾኔ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፍቶ ማመልከቻና ውል የሚጽፍ ሰው የክልሉን፣ የዞኑንና የከተማውን ስም ደጋግሞ ስለሚጽፍ፣ አንዴ ኮፒ አድርጎ ሁሌ ፔስት ማድረጉ ተገቢ ነው። አደጋው ያ ጽሑፍ የት እንደሚቀመጥ አለማወቁ ነው። በዊንዶውስ፣ የዊንዶውስ ቁልፍና ‹ቪ› ሲጫኑ የሚመጣው ኮፒ የተደረጉ ነገሮች ዝርዝር ከ25 በላይ አይዝም፤ መብራት ሄዶ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ደግሞ ፒን ያልተደረገው ሁሉ ይሰረዛል። ጂቦርድ የተባለው የስልክ ኪቦርድም ፒን ያልተደረገውን ከ1 ሰዓት በኋላ ያጠፋዋል። እንደ ዲቶ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች ግን የተቀዳውን በአንድ የዳታቤዝ ፋይል ያኖራሉ፤ ፕሮግራሙን ዘግቶ ያንን ፋይል ፍላሽ ላይ መገልበጥ፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ከተደረገ በኋላም ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። የተመለሰው ግን ሳይፈተሽ ሥራ ላይ መዋል የለበትም። ሾኔ የምትገኝበት የሀዲያ ዞን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከደቡብ ክልል ወጥቶ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ታቅፏል፤ ከዚያ በፊት የተቀመጠ የደብዳቤ ራስጌ የቀድሞውን ክልል ስም ይዞ ይመለሳል፣ ባለጉዳዩንም ለሌላ ምልልስ ይዳርገዋል። በዝርዝሩ ውስጥ የቀረ የባለጉዳይ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ወይም የይለፍ ቃልም ፍላሹ ላይ ከመገልበጡ በፊት መሰረዝ አለበት። ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ከመዝጋታችሁ በፊት ፋይሉን ገልብጡ፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መከፈቱንም አረጋግጡ።