በሩጫ ውድድር ላይ መሄድ ነውር ነው እንዴ?

ይህን አስተያየት ለመጻፍ ያነሳሳን በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ የወጣልን ስም ነው። ለማስተማር ልምምድ በዴሳ ከርመን ከተመለስን ወዲህ እኛ አራታችን «ሽርሽሮች» ተብለናል። ቀልዱን ችለነዋል። ከቀልዱ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ግን ስላላማረን፣ አንባብያን ይፍረዱን ብለን ብዕር አነሳን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዴሳ ሳለን የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ላይ ሩጫ ተዘጋጀ። ከከተማው ተነስቶ በሶዶ መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ደርሶ መመለስ ነው። እኛም ተመዘገብን። የመጀመሪያውን ሁለት ኪሎ ሜትር ከከተማው ልጆች ጋር እኩል በረርን፤ ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ከዳን። (ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ የሮጥነው ደወል ሲደወል ብቻ ነውና አይገርምም።) ከዚያ በኋላ መሄድ ጀመርን። መንጎራደድ ሳይሆን ጠንከር ያለ እርምጃ፤ ትንፋሽ ሲመለስ ደግሞ ሶምሶማ።

ውድድሩ በተጀመረ በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከኋላችን ፒክአፕ መጣ። «ሰዓት አልቋል፣ ውጡ» ተባልን። ስምንተኛውን ኪሎ ሜትር ገና ማለፋችን ነበር። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው የቀረውን 2 ኪሎ ሜትር በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ለ20 ደቂቃ ብለን ተጫንን።

የተጫንነው እንግዲህ እኛ ወጣቶቹ ነን። ከፊታችን ኮንጎ ጫማ ያደረጉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ አንዲት እናት ይሄዱ ነበር። ሹፌሩ አቁሞ «እማማ፣ ይግቡ እንጂ» ቢላቸው፣ «ገበያ ስሄድ ማን ጫነኝ? ተወኝ ልጄ፣ እደርሳለሁ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኛ መኪናው ላይ ሆነን መሬት መሬት አየን። እሳቸው ሲደርሱ የመድረሻው ገመድ ተጠቅልሎ፣ ጠረጴዛውም ተነስቶ ነበር። ያጨበጨብንላቸው እኛና ጥቂት ሕፃናት ብቻ ነን።

«የሩጫ ውድድር ነውና የማይሮጥ ይውጣ» የሚሉን ጓደኞች አሉ። የስፖርቱ ደንብ ግን እንዲያ አይልም። በእርምጃ ውድድር የሚሮጥ ሰው ይቀጣል፤ አንድ እግሩ ምንጊዜም መሬት እንዲነካ ዳኞች ቆመው ይከታተሉታል። በጎዳና ሩጫ ላይ ግን መሄድን የሚከለክል ደንብ የለም። የሚከለከለው በአቋራጭ መግባትና ባጃጅ መሳፈር ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ያን ዕለት መኪና ላይ የወጣነው በግድ መሆኑ በጀን እንጂ፣ በፈቃዳችን ቢሆን ኖሮ ማጭበርበር ይባል ነበር!

በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የተደረገውን ማራቶን ሁላችን እንጠቅሳለን። ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ገብቶ ወርቁን አመጣልን። አበበ ቢቂላ በእግር ጉዳት ምክንያት ግማሹ ሳይደርስ አቋረጠ፤ የተጎዳ ሰው ቢያቋርጥ ደግሞ ምንም አያሳፍርም። ከማሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ፣ ሲመሽ፣ ተመልካቹ አብዛኛው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ አንድ ታንዛኒያዊ ስታዲየሙ ገባ። ጆን ስቲቨን አክዋሪ ይባላል። በመንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተጎድቶ ነበርና በፋሻ ጠምጥሞ እያነከሰ ነበር የመጣው። ከተነሱት 75 ሯጮች 57ቱ ሲጨርሱ እሱ 57ኛ ሆነ። ያን ቀን ሜክሲኮ ላይ የበዴሳው ፒክአፕ ቢኖር ኖሮ አክዋሪን ዛሬ ማን ያውቀው ነበር?

ሳይጎዱ መሄድስ? ምሩጽ ይፍጠር የነሐስ ሜዳልያ ባገኘበት በ1972 እ.ኤ.አ. የሙኒክ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ከተወዳደሩት አንዱ ጄፍ ጋሎዌይ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው ከዚያ ወዲህ ጀማሪዎችን ሲያሠለጥን ትንሽ ሩጡ፣ ሳይደክማችሁ ትንሽ ሂዱ፣ ደግሞ ሩጡ እያለ ነበር። ምስጢሩ «ሳይደክማችሁ» የሚለው ላይ ነው። እኛ የሄድነው ከደከመን በኋላ መሆኑ ስህተታችን ነው፤ ይህን እንቀበላለን። በአገራችንም ቢሆን ኅዳር 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ10 ሺህ ሰዎች ሲደረግ አንደኛ የወጣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ዛሬ ተሳታፊው ከ40 ሺህ በላይ ሆኗል። ያ ሁሉ ሕዝብ ኃይሌን ሊያሸንፍ የሚወጣ ይመስላችኋል? ስንቱ እየዘፈነ፣ እየተሳሳቀ፣ እየሄደ ነው የሚጨርሰው።

እርግጥ ነው፣ የሚሄዱ ሰዎችም ጥፋት አለባቸው። ከፊት መስመር ላይ ቆመው ሊያሸንፍ የመጣውን ይዘጉበታል፤ አራት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገዱን ይሞላሉ። እኛም በዴሳ ላይ ይህን አድርገናል፤ አንድ ልጅ በክርኑ ገፍቶን ሲያልፍ ተቆጣን፣ ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። መንገድም እስከ ማታ ተዘግቶ አይውልም፤ መኪና ያልፋል፣ ገበያተኛ ያልፋል። ሰዓት መወሰኑን አንቃወምም። የወሰኑት ሰዓት የእግረኛን ልክ ያላሰበ መሆኑን ነው የምንቃወመው።

ይህን ነገር ያከረርነው በጥቂት ወራት ውስጥ ፊሽካ አንጠልጥለን ሜዳ ላይ የምንቆመው እኛው ስለሆንን ነው። በዴሳ የተመደብንበት ክፍል ውስጥ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ተጉዛ የምትመጣ ልጅ ነበረች። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ዙር ሩጡ ሲባል ሁለተኛው ዙር ላይ ትቆምና ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። ሰነፍ ነች ብለን ዝቅተኛ ማርክ ልንሰጣት ነበር። ያቺ ልጅ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ትሄዳለች! «ቁጭ አትበይ፣ እየሄድሽ ጨርሺ» ያላት ሰው አልነበረም፤ እኛም አላልናትም።

በሚቀጥለው ወር የተቋማችን ሩጫ አለ። የስፖርት ክበቡን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የሚሄዱ ከኋላ ይነሱ፣ የመንገዱን ቀኝ ይያዙ፣ የመድረሻው ገመድ እስከ 2 ሰዓት ይቆይ። ገመዱን የሚይዝ ሰው ቢጠፋ፣ ከሽርሽሮች አንዱ ሩጫውን ትቶ ሊይዝ ተስማምቷል። ሦስታችን ተመዝግበናል።