ሣሩ ይረገጥ!

ለመሆኑ መናፈሻ የሚሠራው ለማን ነው? ጥያቄው የዋህ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ባለፈው ቅዳሜ መልሱን ፍለጋ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ ነው። ሰባት ዓመቱ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ከፒያሳ ብዙም ሳንርቅ አንድ መናፈሻ አገኘን፤ ስሙን አልጠራም። አበባው ያምራል፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። መግቢያው ላይ ግን ሦስት ደረጃዎች ተገትረዋል። ጥበቃው ደግ ሰው ነበርና ወንበሩን ባንድ ወገን ይዞልን ገባን። ዥዋዥዌው ዘንድ ስንደርስ ጎማው ጠጠር ውስጥ ሰጠመ። ልጁን ሣሩ ላይ ላስቀምጠው ስል ያው ደግ ጥበቃ እየሮጠ መጣ። «ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። እኔም የልጆች አባት ነኝ፤ ግን ሣሩ ከተረገጠ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ታዲያ እኔ የቱ ጋ ነው የምጫወተው?» አለ።

ብዕሬን ያስነሣኝ ይህ ጥያቄ ነው።

እኔ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነኝ። በልጅነታችን ሰፈራችን ውስጥ መናፈሻ የሚባል ነገር አናውቅም፤ መጫወቻ ግን ነበረን። ብይ የምንጫወትበት የአጥር ጥግ፣ ሰኞ ማክሰኞ የሚሰመርበት ደጃፍ፣ የጨርቅ ኳስ የሚለጋበት ቅያስ ነበር። እናቶች ቡና እያፈሉ ባንድ ዓይናቸው ይጠብቁናል፤ የወደቀውን ልጅ የማንም እናት ብድግ አድርጋ አቧራውን ታራግፍለታለች። ድህነቱን እያሞገስኩ አይደለም። የሚያፈሰው ጣሪያና የጋራ መጸዳጃው ወረፋ አይናፍቀኝም። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስም ስለ ጭቃው ግድግዳ አላለቀስኩም። ነገር ግን ከግድግዳው ጋር በማንም ፕላን ላይ ያልሰፈረ አንድ ሀብት አብሮ ፈርሷል፤ ልጅ ከእናቱ ድምፅ ሳይርቅ የሚጫወትበት ቦታ።

በምትኩ ምንም አልተሠራም ብዬ አልዋሽም። አንድነት ፓርክ በ2012፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ተከፍተዋል። በኮሪደር ልማቱ መንገዶች ዳርም የልጆች መጫወቻዎች ተተክለዋል፤ የእግረኛው መንገድም ሰፍቷል። የሚመሰገነው ይመስገን። ይሁን እንጂ ትልቅ ፓርክ ማለት የበዓል ልብስ ነው፤ ልጅ ደግሞ የሚጫወተው በዓል ቆጥሮ አይደለም። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ራት እስኪደርስ ባለችው አንድ ሰዓት ነው። ለዚያች አንድ ሰዓት ታክሲ ተሳፍሮ፣ ሰፊ አስፋልት ተሻግሮ የሚሄድ የሰባት ዓመት ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያልን ያደግን ሰዎች ስለሆንን የልጅ ጨዋታ ቁም ነገር አይመስለንም። ሕጉ ግን እንደኛ አላለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን መብት ብሎታል፤ ኢትዮጵያም ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ስምምነቱን ተቀብላለች። በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 30 ላይ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ከእኩዮቻቸው እኩል እንዲጫወቱ ያዛል። የከተማው አስተዳደርም አዲስ አበባን በአፍሪካ ልጅ ለማሳደግ ምርጥ ከተማ አደርጋለሁ ብሏል። ቃሉ የራሳቸው ነው፤ እኔ የምለው በቃላችሁ ተገኙ ነው።

«ቦታ የለም፣ ገንዘብ የለም» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አምስተርዳምም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወጣችው ደኽይታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 አልዶ ቫን አይክ የሚባል ወጣት አርክቴክት በከተማው ማዘጋጃ ቤት ተቀጥሮ በአንዲት ትንሽ አደባባይ ላይ የአሸዋ ገንዳ፣ ጥቂት የብረት መንጠልጠያና የድንጋይ መዝለያ ሠራ። ያዩ የሌላ ሰፈር ነዋሪዎች ለእኛም ይሠራልን እያሉ ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፉ። በቤቶች መካከል ጦም ያደሩ ቁራሽ መሬቶች እየተፈለጉ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከ700 በላይ መጫወቻዎች ተሠሩ። ተአምር አልነበረም፤ ከአሸዋ፣ ከብረትና ከድንጋይ በቀር ያስፈለገ ነገር የለም። እነዚህ ደግሞ ለእኛም ብርቅ አይደሉም።

ሌላው የምሰማው ክርክር «ልጆች ያበላሹታል» የሚል ነው። አዎን፣ ያበላሹታል! ሣር ተረግጦ ይበቅላል፤ ልጅነት ግን ካለፈ አይመለስም። ለዕይታ ብቻ የሚሆን ሣር የሚያስፈልገን ከሆነ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ መስቀል ይረክሳል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከሠራተኛ ሰፈር እስከ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ልጅ አስፋልት ሳይሻገር በእግሩ የሚደርስበት አንዳንድ ቁራሽ መሬት ይከለልልን። በመኪናው በኩል አጥር፣ ለእናቶችና ለአያቶች ጥላ ያለው መቀመጫ ይኑረው። ልጅ መውደቁ አይቀርምና ከዥዋዥዌውና ከሸርተቴው ሥር ሲሚንቶ ሳይሆን ወፍራም አሸዋ ይደረግ። ወደዚያ የሚወስደው መተላለፊያ ግን ጎማ የማይውጥ ጠንካራ ይሁን፤ መግቢያው በደረጃ ፈንታ ዝቅ ያለ ዳገት ይሁን። ተሽከርካሪ ወንበር ከሥሩ የሚገባለት ከፍ ያለ የአሸዋ ገበታም ይሠራ፤ አናጢ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። ጥበቃውም የሚጠየቀው ስለ ተረገጠ ሣር ሳይሆን ስለ ተጎዳ ልጅ ይሁን።

ፕላን አውጪዎቻችን ካርታቸውን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፤ እናት ከደጃፏ ቆማ «ና ግባ፣ መሽቷል!» ስትል ልጁ ሰምቶ የሚመጣው ከየት ነው? ካርታው ላይ ጣታቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ካጡ ሥራው አላለቀም።

የእህቴ ልጅ መልሱን እስከ ዛሬ እየጠበቀ ነው። እኔ አልነገርኩትም፤ ምን ብዬ ልንገረው?